አደጋ ወደ ደረሰበት አገር ለርዳታ ስለሚሄዱ ምእመናን ዝግጅትና ጠባይ

ወዳጄ አንባቢ ሆይ፥ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ሰኞ ጧት በጎፋ ዞን፥ በገዜ ጎፋ ወረዳ፥ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ በምትባል ቀበሌ የሆነውን ነገር ሳትሰማ አልቀረህም። ብዙ ዝናም የጠገበ ተራራ ተንዶ በጥቂት ቤቶች ላይ ወደቀ። ጩኸት የሰማ ጎረቤት ሁሉ ዶማውንና አካፋውን ይዞ ሮጠ፤ መሣሪያ ያላገኘውም በእጁ ይቈፍር ጀመር። የቀበሌው አስተዳዳሪ፥ አስተማሪዎችም፥ የጤናና የእርሻ ሠራተኞችም ከሕዝቡ ጋራ ነበሩ። እነርሱ የተቀበሩትን ሲፈልጉ ተራራው ሁለተኛ ጊዜ ተናደ፤ ፈላጊዎቹንም ከተፈላጊዎቹ ጋራ በአንድነት ከደናቸው። በዚያ ሳምንት የተቈጠሩት ሙታን ከ200 በላይ ነበሩ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ሌላውን ለማዳን የሮጡ ናቸው። ስለዚህም በአገሩ ሁሉ የሦስት ቀን ሐዘን ታወጀ።

ይህን የምጽፍልህ እነዚያን ሰዎች ለመንቀፍ አይደለም፤ እግዚአብሔር ከዚህ ይጠብቀኝ። የጎረቤቱ ልጅ ከጭቃ በታች ሆኖ ሲጮኽ የሚሰማ ሰው ተቀምጦ ሊመክር አይችልም፤ ቢመክርም ሰው አይባልም። ነገር ግን አንተና እኔ የዚያ ቀበሌ ጎረቤቶች አይደለንም። ወሬውን የምንሰማው ከሩቅ ነው፤ ገንዘብ እስክናዋጣ፥ መኪና እስክንከራይ፥ በክረምት መንገድ እስክንጓዝ ድረስ ብዙ ቀን ያልፋል። እንግዲህ ለጎረቤቱ ያልተሰጠው ጊዜ ለእኛ ተሰጥቶናል ማለት ነው። ጎረቤቱ ሳይዘጋጅ ስለ ሮጠ ማንም አይጠይቀውም፤ እኛ ግን ሳንዘጋጅ ብንሄድ እንጠየቅበታለን።

በጉባኤ ላይ የአደጋ ወሬ ሲነበብ የሰው ልብ እንደ ሰም ይቀልጣል። እናቶች ያለቅሳሉ፥ ጎልማሶች «ዛሬውኑ እንሂድ» እያሉ ይነሣሉ። ይህ መልካም ነው፤ ልብ የሌለው ማኅበር በምን ይጠቅማል? ዳሩ ግን «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል፤ በዚህ ሥራ የሚፈስሰውም ጤፍ ሳይሆን የሰው ነፍስ ነው። ስለ ደጉ ሳምራዊ ብዙ ስብከት ሰምተሃል፤ እኔም ብዙ ጊዜ ሰብኬአለሁ። ሁላችንም ስለ ርኅራኄው እንናገራለን፤ ስለ ስልቻው የሚናገር ግን አንድ ሰባኪ አልሰማሁም። በቍስሉ ላይ ያፈሰሰውን ዘይትና ወይን ከየት አመጣው? በምድረ በዳ አልገዛውም፤ ከቤቱ ሲወጣ የያዘው ነው። የሚጭንበት እንስሳ ነበረው፤ ለእንግዳ ማረፊያው ባለቤት የሚሰጠው ሁለት ዲናርም ነበረው። ሲሄድም የጐደለውን ተመልሶ እንዲከፍል ቃል ገባ። ባዶ እጁን የነበረ ቢሆን በቍስለኛው አጠገብ ተቀምጦ ከማልቀስ በቀር ምን ያደርግ ነበር?

አሁን የራሴን ኀፍረት ልንገርህ። ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ ቈላ አገር ወንዝ ሞልቶ ሕዝቡን ከቤቱና ከእርሻው አፈናቀለ። እኛም ዐሥራ አንድ ሰዎች ከማኅበራችን ተነሥተን፥ አሮጌ ልብስ በአንድ አይሱዙ ጭነን፥ እየዘመርን ወረድን። ስንቅ አልያዝንም፤ «በመንገድ ምግብ ቤት አይጠፋም» ተባባልን። ምግብ ቤቱ ግን በጎርፍ ተወስዶ ነበር። በደረስንም ጊዜ ማታ ሆነ። ልብሱን ብንፈታው የሚበዛው ለብርድ አገር የተሠራ ወፍራም ካፖርት ነው፤ ጫማውም አንዱ አለ፥ አንዱ የለም። በዚያ ሙቀት ካፖርት ማን ይለብሳል? ልጆቹ ለብሰውት ሲሣሣቁ አይቼ እኔም ሣቅሁ፤ በኋላ ግን አፈርሁ።

በሸራ ሥር የተጠለለ አንድ ባለቤት ነበረ። በቆሎውን ጎርፍ ወስዶበት የቀሩት ሁለት ፍየሎች ብቻ ነበሩ። እንግዳ መጣብኝ ብሎ፥ እንደ አገሩ ልማድ አንዱን አረደልን። እኛም በላን። እምቢ እንዳንል ያዋርደዋል፤ ደግሞም፥ እውነቱን ልናገርና፥ ርቦን ነበር። ሌሊት ሚስቱ «ነገ ለልጆቹ ምን እንሰጣለን?» ስትለው በሸራው ውስጥ ሆኜ ሰማሁ። እስከ ንጋት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከዚያ በኋላ ከእኛ ሦስቱ በወባ ወደቁ፤ አጎበር የያዘ አንድ ሰው አልነበረምና። በጤና ኬላው የነበረችው ጥቂት መድኃኒትም ለእነርሱ ወጣች። ልንረዳ የሄድን ሰዎች የተቸገሩትን ፍየልና መድኃኒት ጨርሰን ተመለስን። ማኅበሩ ግን በእልልታ ተቀበለን፤ እኔም ያን ቀን እውነቱን አልተናገርሁም።

ስለዚህ ወንድሜ ሆይ፥ የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፤ የሚሄድ ሰው መብሉን፥ መጠጡን፥ መኝታውንና መድኃኒቱን ከራሱ ስልቻ ያውጣ። የርዳታ ሠራተኞች በብዙ አገር የሚመሩበት ስፊር የሚባል መጽሐፍ፥ አንድ ሰው ለመጠጥ፥ ለማብሰልና ለመታጠብ በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ እንደሚያሻው ይናገራል። እንግዲህ ዐሥር ሆናችሁ ብትሄዱ በቀን 150 ሊትር ከዚያው ከተጨናነቀው ምንጭ ትቀዳላችሁ ማለት ነው። ይህን አስልተህ ታውቃለህን? ጄሪካንና የውሃ ማከሚያ ክሎሪን ያዙ፤ ከተቻለም የመጀመሪያዎቹን ቀኖች ውሃ ጭናችሁ ሂዱ። ሁላችሁም የኩፍኝ ክትባት መከተባችሁን አረጋግጡ፤ ዶማ የሚይዘውም የመንጋጋ ቈልፍን ክትባት ይውሰድ፥ በጭቃ ውስጥ ያለ ቆርቆሮና ሚስማር ብዙ ነውና። ወደ ቈላ የሚወርድ አጎበሩን አይርሳ። የሁሉም ስምና የቤተ ሰዎቻቸው የስልክ ቍጥር በቤተ ክርስቲያኑ ጸሐፊ ዘንድ ተጽፎ ይቅር።

ማን ይሂድ? በዚህ ነገር ብዙ ማኅበሮች ይሳሳታሉ። ይበልጥ ያለቀሰው ወይም ይበልጥ የጮኸው አይደለም የሚሄደው። ቍስል ማጠብ የሚያውቅ፥ ግድግዳ የሚሠራ፥ መኪና የሚያድስ፥ ሒሳብ የሚጽፍ፥ ከሁሉም በላይ የአገሩን ቋንቋ የሚሰማ ይፈለግ። በሐዋርያት ሥራ በ6ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፥ በኢየሩሳሌም የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩት መበለቶች በየዕለቱ ማዕድ በተረሱ ጊዜ ማኅበሩ ሰባት ሰዎችን መረጠ። የሰባቱን ስም ተመልከት፤ ሁሉም የግሪክ ስም ነው። እኔ ከዚህ የምረዳው፥ የተረሱት ሰዎች ቋንቋቸውን በሚሰሙ ሰዎች እጅ እንዲጐበኙ ማኅበሩ ዐስቦ መምረጡን ነው። ጎፋኛ የማይሰማ ዐሥር ሰው ከመላክ ሁለት የሚሰሙ መላክ ይሻላል።

ሴቶችም ይሂዱ። በሸራ ሥር ያለች ልጃገረድ የወር ልማድዋ በመጣ ጊዜ የሚያሻትን ጨርቅ ለእኔ ለሽማግሌው አትነግረኝም፤ የወለደች እናትም ጭንቋን ለወንድ አታወራም። ታላቂቱን የማይታዘዝ፥ ትንሽ ሲደክመው የሚቈጣ ጎረምሳ ግን ምንም ጕልበተኛ ቢሆን በቤቱ ይቅር። ደግሞ በዘመናችን የመጣ አንድ ፈተና አለ፤ ይኸውም በስልኩ ራሱን ፎቶግራፍ ለማንሣት የሚሄድ ሰው ነው። የተቀደደ ልብስ የለበሰች፥ ልጅዋ የሞተባት እናት ስታለቅስ ሥዕልዋን አንሥተህ ለዓለም ሁሉ ብታሳይ፥ እናትህ እንደዚያ ብትታይ ትወዳለህን? የሚቀሩትም እንደ ታናሽ አይቈጠሩ። ስንቁን ያዘጋጀች፥ የሚሄደውን ሰው ልጆች የጠበቀች፥ በየሳምንቱ ያላትን የሰጠች እኅት በሥራው ሙሉ ድርሻ አላት።

ስለሚላከው ነገር ብዙ አልጽፍም፤ የካፖርቱ ነገር ይበቃል። በአጠገቡ ያለው ገበያ ያልጠፋ እንደ ሆነ ገንዘብ ከዕቃ ይሻላል፤ ለመኪና የሚከፈለው ይቀራል፥ የዚያው አገር ነጋዴና ገበሬም ይጠቀማል። ብርድ ልብስ፥ ሸራ፥ ድስት፥ ጄሪካን፥ ሳሙና፥ ዶማና አካፋ አያሳፍሩህም። ነገር ግን የዱቄት ወተት ለሕፃናት አትጫን። ይህ ለብዙ ደግ ሰው የሚያስደንቅ ነገር ነው፤ እኔም አስደንቆኝ ነበር። በደፈረሰ ውሃ የተበጠበጠ ወተት ለሕፃን ተቅማጥ ያመጣል፤ እናቲቱም ማጥባት ስትተው ጡትዋ ይደርቃል፥ ቈርቆሮው ባለቀም ጊዜ ልጁ ከሁለቱም ይጐድላል። እናቲቱን አብላት፤ እርስዋ ልጅዋን ታበላለች።

ገንዘቡስ በማን እጅ ይሂድ? ሐዋርያው ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ላሉት ድኾች ከግሪክ አገር ማኅበሮች ገንዘብ በሰበሰበ ጊዜ ምን እንዳደረገ በ1ኛ ቆሮንቶስ 16 እና በ2ኛ ቆሮንቶስ 8 አንብብ። ገንዘቡ እርሱ ሳይመጣ አስቀድሞ በየሳምንቱ መጀመሪያ ቀን እንዲቀመጥ አዘዘ። የሚያደርሱትንም ሰዎች ማኅበሮቹ ራሳቸው መረጡ፤ ስለዚህ ብዙ ስጦታ ማንም እንዳይነቅፈው በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት ተጠነቀቀ። ጳውሎስ ሳይቀር ለብቻው ገንዘብ ካልያዘ፥ አንተ ለብቻህ አትያዝ። ሁለት ሰው ይያዝ፥ ሁለት ሰው ይፈርም፥ ደረሰኝ ይቀመጥ፤ በተመለሳችሁም በመጀመሪያው እሑድ ሒሳቡ በጉባኤ ፊት ይነበብ። ይህ አለመተማመን አይደለም።

ሳትነሡ አስቀድማችሁ ወደ ስፍራው ደውሉ። በዚያ የወረዳ አስተዳደር አለ፥ የአገር ሽማግሎች አሉ፥ ዕድር አለ፥ የቀይ መስቀል ማኅበርም አለ። «እንምጣን? ምን ይጐድላል? ስንት ሰው መቀበል ይቻላል?» ብላችሁ ጠይቁ። «አትምጡ፥ ሸራ ላኩ» ቢሏችሁ ሸራውን ልካችሁ በቤታችሁ ተቀመጡ። ይህን መታዘዝ ከመሄድ ይልቅ ይከብዳል፤ እንደሚከብድ ዐውቃለሁ። ከሌሎች አብያተ ክርስቲያናትም ጋራ አትፎካከሩ። በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ጊዜ በሃይማኖት ትምህርት የማይስማሙ አብያተ ክርስቲያናት እህል በማመላለስ ተባብረዋል። በሌሊትና በዝናም አትንዱ፤ በመንገድ ገደል የገባ መኪና ለዚያ አገር ሌላ አደጋ ይሆንበታልና።

በስፍራው በደረሳችሁ ጊዜ ከሁሉ የሚከብደው ነገር ይመጣል። በጭቃ ናዳ የተቀበረ ሰው ከጥቂት ሰዓት በኋላ በሕይወት የሚገኘው እጅግ በጥቂቱ ነው። እናንተ በሦስተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ስትደርሱ የተላካችሁት ከመሬት በታች ወዳሉት አይደለም፤ ከመሬት በላይ ወዳሉት ነው። ነገር ግን አንዲት እናት ክንድህን ይዛ «ልጄ ከዚህ በታች ነው፤ ቈፍርልኝ» ትልሃለች። ምን ትመልስላታለህ?

መቈፈር የተፈቀደ እንደ ሆነ ቈፍርላት፤ አስከሬን አግኝቶ መቅበር ታላቅ መጽናናት ነውና። ነገር ግን ተራራውን ዕወቀው። ዝናም በአፈሩ ውስጥ ሲገባ ያከብደዋል፥ የሚያያይዘውንም ኀይል ያላላዋል። ታችኛው ክፍል በተናደ ጊዜ ላይኛው መደገፊያውን አጥቶ ይቀራል፤ ስለዚህ ሁለተኛው ናዳ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ይከተላል። በኬንቾ ሻቻ የሆነው ይህ ነው። ከሥራው በፊት አንድ አስተዋይ ሰው ፉጨት ይዞ ላይኛውን ዳገት በሚያይበት፥ ናዳም በማያገኘው ስፍራ ይቁም፤ ሌላ ሥራ አይሰጠው። አዲስ ስንጥቅ ቢያይ፥ ዛፍ ወይም አጥር ቢያዘነብል፥ የምንጩ ውሃ በድንገት ቢደፈርስ ወይም ቢጐድል፥ የድንጋይ መንከባለል ቢሰማ ይንፋ። በጕድጓዱ ውስጥ ያላችሁትም «ጥቂት ብቻ ቀረን» ሳትሉ ውጡ፤ ስትሸሹም ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን ሽሹ፥ ናዳ ቍልቍል ይቀድማችኋልና። ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ በጕድጓዱ አይከማች። ዝናም በጀመረ ጊዜ ሥራው ይቁም። ያን ጊዜ ያቺን እናት በራስዋ ቋንቋ «እናታችን ሆይ፥ ዝናም መጣ፤ እስኪቆም እንጠብቃለን» የሚላት ሰው ያስፈልጋል፤ እርስዋም ትረግመው ይሆናል፤ እርሱም ርግማንዋን ተቀብሎ ከአጠገብዋ ይቀመጥ እንጂ አይመልስላት። በጕባኤ ከሚጸልየው ረዥም ጸሎት ይልቅ በዚህ ሰዓት የሚቀመጠውን መቀመጥ እኔ አከብራለሁ።

አስከሬን በተገኘ ጊዜ በፍርሃት አትቸኵሉ። በናዳ ወይም በጎርፍ የሞቱ ሰዎች አስከሬን በጠቅላላው ወረርሽኝ አያመጣም፤ ስለዚህ ሳይታወቁ በአንድ ጕድጓድ መጣል አያስፈልግም። ዘመድ ይየው፤ ልብሱና የተገኘበት ስፍራ ይጻፍ፤ እንደ ሃይማኖቱ ይቀበር። ወረርሽኝ የሚመጣው በሕይወት ያሉት በአንድ ስፍራ ሲጨናነቁ ነው። በ1977 ዓ.ም. በኮረምና በሌሎችም የርዳታ ጣቢያዎች ኩፍኝና ተስቦ ረሀቡ ያስቀረውን ሰው ወሰዱ። ስለዚህ መጸዳጃ መቈፈር ክቡር ሥራ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ለ50 ሰው አንድ፥ ከዚያም በኋላ ለ20 ሰው አንድ እንዲደርስ አድርጉ፤ ከምንጭም የራቀ ይሁን። ተቅማጥ የያዘውን ልጅ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ልክ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ አጠጡት፥ ወደ ጤና ጣቢያም አድርሱት። ስኳሩንም ጨውንም አታብዙ።

ስለ ስብከት አንድ ነገር ልናገርና ልጨርስ። እኔ ወንጌላዊ ነኝ፤ መስበክ ሥራዬ ነው፤ ጌታዬንም አላፍርበትም። በዚያ በፍየሉ አገር ግን በሁለተኛው ቀን፥ ከመንግሥት የመጣ ስንዴ እንድናከፋፍል በተሰጠን ጊዜ፥ ከማከፋፈል በፊት ጸሎት ይደረግ ብዬ ሕዝቡን አስቆምሁ። ከተሰለፉት አንድ እስላም ሽማግሌ ቀስ ብለው ቀረቡና «ልጄ፥ ስንዴውን ለመውሰድ እንደ እናንተ መጸለይ አለብኝን?» አሉኝ። ዐይናቸው ወደ ከረጢቱ ነበር። «የለም አባቴ፥ የለም» አልሁ፤ ነገር ግን ጥያቄው በሕዝቡ ሁሉ ልብ እንደ ነበረ ያን ጊዜ ተረዳሁ። የቀይ መስቀል ማኅበሮችና ሌሎች የርዳታ ማኅበሮች እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጡት የጠባይ ደንብ ርዳታ ለችግር ብቻ እንዲሰጥ፥ የማንንም ሃይማኖት ወይም ፖለቲካ ለማስፋፋት እንዳይሆን ይላል። እኔ ግን ከደንቡ በፊት ከእኒያ ሽማግሌ ተማርሁት። እናንተ በመካከላችሁ ማለዳ ጸልዩ። የሚጠይቃችሁ ቢኖር ስለ ተስፋችሁ በትሕትና ንገሩት። በስንዴው ሰልፍ ላይ ግን ስንዴ ብቻ ይሰጥ፤ ዝርዝሩንም የአገሩ ሽማግሎች ከሴቶቹ ጋራ ያዘጋጁት፥ ለማንም ወገን አታድሉ።

ብዙም አትቈዩ። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፥ በማግሥቱ ብር፥ ሲሰነብት ብረት ነው ይባላል። ስትመለሱ ዶማውንና ጄሪካኑን ለዕድሩ አስረክቡ፤ ቃል የገባችሁትንም በወረቀት ጽፋችሁ ለሽማግሎቹ ተዉላቸው፥ ያልገባችሁትን እንዳይጠብቁ፥ የገባችሁትንም እንዳትረሱ።

እኛም በሦስተኛው ዓመት ወንዙ እንደ ገና በሞላ ጊዜ ወደዚያው ስፍራ ሄድን። ስድስት ብቻ ነበርን፤ ከእነርሱም ሁለቱ የአገሩን ቋንቋ የሚናገሩ፥ አንዲቱ ነርስ ነበረች። ከካፖርት ፈንታ ሸራና ጄሪካን፥ ከመዝሙር በፊት ሁለት ኩንታል በሶና ቂጣ ይዘን ነበር። ሁለት ፍየሎችም ከመንገድ ገዝተን አሰርን። ያ ሰው ከሩቅ አየንና መጣ፤ ስልቾቻችንን አንድ በአንድ በእጁ ዳሰሳቸው፥ ፍየሎቹንም ተመለከተ። ከዚያም ወደ ሚስቱ ዞሮ ሣቀና «ነይ እይ፤ ዘንድሮስ ስንቃቸውን ይዘው መጥተዋል» አላት።